ቋንቋው ሲታደስ ቀናችን ለምን ይቀየራል?

(ለወጣት ፕሮግራመሮች በአዲስ አበባ በተዘጋጀ የቅዳሜ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቃቅን እርማቶች በስተቀር እንደተነገረው ቀርቧል።)

የመድረኩ አዘጋጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? የቅዳሜ ጠዋት እረፍታችሁን ትታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቀንን የሚቀበል ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። እንደጠበቅሁት ነው፤ ማንም የለም። የትውልድ ቀን፣ የቀጠሮ ቀን፣ የብድር መክፈያ ቀን፣ የፈተና ቀን፤ ሁላችሁም ጽፋችኋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ልጨምር። ፕሮግራማችሁ በጽሑፍ የመጣለትን ቀን በምን ደንብ እንደሚያነበው፣ የቋንቋውን መመሪያ ከፍታችሁ ያረጋገጣችሁስ ስንት ናችሁ? አሁን የማያቸው እጆች በጣም ጥቂት ናቸው። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉ ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ኮዱ ያው ነው፤ ማንም አልነካውም። የተለወጠው የፕሮግራም ቋንቋው ቨርዥን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ግን ትናንት ከሰጠው የተለየ ቀን ዛሬ ይሰጣል። የስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሰርቨሩ አልቆመም። ሁሉም ነገር እየሠራ ነው፤ ቀኑ ብቻ ሌላ ሆኗል።

ዛሬ ሦስት ጉዳዮችን አነሳለሁ። አንደኛው የቀንና የወር ቅደም ተከተል ነው፤ እዚህ ላይ ሩቢ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንደ ምስክር እጠራለሁ። ሁለተኛው የሰዓት ቀጠና ነው፤ ምስክሩ ሌላው ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት ነው። ሦስተኛው የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ነው። በመካከሉ ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው።

ይህን በሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ተመልከቱ፤ 03/04/2013። ይህ ምን ቀን ነው? አሜሪካዊ ከሆናችሁ ማርች 4 ነው። እንግሊዛዊ ወይም ኬንያዊ ከሆናችሁ ኤፕሪል 3 ነው። ጽሑፉ ራሱ መልሱን አይነግራችሁም። መልሱ ያለው በጸሐፊው ልማድ ውስጥ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከፋይሉ ጋር አብሮ አይላክም።

የሩቢ ቋንቋ በ1.8 ቨርዥኑ ይህን ጽሑፍ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲሰጡት እንደ አሜሪካውያን ወርን አስቀድሞ ያነበው ነበር። 1.9 ሲመጣ ልማዱ ተገለበጠ፤ ቀኑን አስቀድሞ ማንበብ ጀመረ። ውሳኔው በራሱ መጥፎ አልነበረም። ከአሜሪካ ውጭ ያለው አብዛኛው ዓለም በቁጥር ሲጽፍ ቀንን ያስቀድማልና። ነገር ግን በአሮጌው ልማድ ላይ የተሠራው ሶፍትዌር ሁሉ ምን ይሁን? ብዙዎች አሮጌውን አነባበብ መልሶ የሚያመጣ ‹አሜሪካን ዴት› የሚባል ተጨማሪ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ፣ እስከ መጫን ደርሰዋል።

ሩቢ 1.8.7 ድጋፉ የተቋረጠው በጁን 2013 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ብዙ ድርጅቶች ሰርቨራቸውን ወደ 1.9 ለማሻገር ይጣደፉ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ከአሜሪካ የሚላክ ገንዘብ ለቤተሰብ የሚያደርስ ድርጅት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሽግግሩ የተደረገው በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቀን ነው። ሁሉም ነገር በሰላም አለፈ፤ ገጾቹ ተከፈቱ፣ ክፍያው ቀጠለ። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጠራችኝም የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ነበረች።

ያየችውን ልንገራችሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በየማለዳው ያለፈው ቀን ዝውውር በፋይል ይመጣል፤ ቀኑም በአሜሪካ አጻጻፍ ነው። የማርች 1 ፋይል ሲገባ 03/01/2013 ይላል። አዲሱ ቨርዥን ጃንዋሪ 3 ብሎ አነበበው። የማርች 2 ፋይል ፌብሩዋሪ 3 ሆነ። ሁለቱም ወሮች ሒሳባቸው ተዘግቶ፣ ሪፖርታቸው ተፈርሞ ካቢኔት ውስጥ ገብቷል! በተዘጋ ወር ላይ አዲስ ክፍያ ገባ፤ ማንም ግን አላየም፤ የተዘጋ ወርን ማን ይከፍታል? ማርች 3 ስትደርስ ቀኑም ወሩም ሦስት ስለሆነ በትክክል ተነበበች። የሰኞዋ የማርች 4 ፋይል ማክሰኞ ጠዋት ስትገባ ግን ኤፕሪል 3 ሆነች። የሒሳብ ኃላፊዋ ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ አስምራበት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና፣ «ገና ባልመጣ ቀን የተከፈለ ብር አለ» አለችኝ። ድምጿን ዛሬም እሰማዋለሁ። የድርጅቱ ፕሮግራመሮች ደግሞ፣ «ኮዱን አልነካነውም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነበር። አንድ መስመር አልነኩም።

አሁን ከእኔ ጋር ቁጠሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀኑ 12 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ስንት ዕለት አለ? በየወሩ 12፣ በዓመት 144። ከእነዚህ ቀኑና ወሩ እኩል የሆኑት 12 ናቸው፤ እነርሱ ቢገለበጡም ያው ናቸው። የቀሩት 132 ዕለታት በጸጥታ ወደ ሌላ ቀን ይቀየራሉ። ከ365 ስንቀንስ የሚተርፉት 221 ዕለታት ደግሞ ስህተት ያስነሳሉ፤ 13ኛ ወር፣ 25ኛ ወር የለምና። አያችሁ? ፕሮግራሙ በ221 ዕለታት ይጮኻል፤ በ132 ዕለታት ይዋሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ጩኸቱ አይደለም። የሚጮኽ ስህተት በዚያው ቀን ይስተካከላል። የሚዋሸው ግን ወደ ዳታቤዝ ይገባል፤ ከዳታቤዝ ወደ ሪፖርት ይሄዳል፤ ከሪፖርት ወደ ውሳኔ። ከሦስት ወር በኋላ ስትደርሱበት የትኛው ቀን ከሽግግሩ በፊት እንደገባ፣ የትኛው በኋላ እንደገባ መለየት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

እዚያ ድርጅት ውስጥ የዳነው ነገር የዳነው የመጡት ፋይሎች ሳይሰረዙ ተቀምጠው ስለነበር ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ከውጭ የመጣውን ጽሑፍ እንደመጣ አስቀምጡት። የተነበበውን ቀን ብቻ አስቀርታችሁ ዋናውን አትጣሉ። ሁለተኛም፣ ቀንን በግምት ከሚያነበው ስልት ይልቅ የጽሑፉን ቅርጽ አብሮ የሚቀበለውን ስልት ተጠቀሙ። ሩቢም፣ ፓይተንም፣ ጃቫም፣ ፒኤችፒም ይህ አላቸው። ‹መጀመሪያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ አራት አኃዝ ዓመት› ብላችሁ በግልጽ ጻፉለት። ያን ጊዜ ቋንቋው ቢታደስ፣ ልማዱ ቢገለበጥ፣ እናንተን አይነካችሁም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ፤ ይህኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው።

ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው የብሮውዘር ድርጅት ውስጥ በጥቂት ቀናት እንደሠራው ታውቃላችሁ። የቀን አያያዙን የወሰደው በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ከነበረው ከጃቫ ነው። ወራትን ከዜሮ መቁጠሩ፣ ጃንዋሪ 0 ዲሴምበር 11 መሆኑ፣ ከዚያ የመጣ ነው። ጃቫ ራሱ በ1997 በወጣው 1.1 ቨርዥኑ የዚያን የቀን ክፍል አብዛኛውን አሠራር ‹ከእንግዲህ አትጠቀሙበት› ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ጃቫስክሪፕት ግን የወረሰውን ተሸክሞ ቀጠለ፤ ዛሬም ተሸክሞታል።

ለረጅም ጊዜ የጃቫስክሪፕት ደንብ ‹በጽሑፍ የመጣን ቀን እንዴት ማንበብ› የሚለውን ለብሮውዘር ሠሪዎች ትቶት ነበር። በ2009 አምስተኛው እትም ሲወጣ ቀንና ሰዓት እንዴት እንደሚጻፉ ከሚደነግገው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ከአይኤስኦ 8601፣ የተቀዳ አንድ ቅርጽ አስገባ፤ ዓመት፣ ሰረዝ፣ ወር፣ ሰረዝ፣ ቀን። ሰዓት ካለ ‹ቲ› የምትባለዋ የላቲን ፊደል በመካከል ትገባለች። ታዲያ የሰዓት ቀጠና ካልተጻፈስ? አምስተኛው እትም፣ በዩቲሲ፣ ማለትም የግሪኒችን ሰዓት መነሻ ባደረገው የዓለም የጋራ ሰዓት፣ ይነበብ አለ። አይኤስኦ 8601 ግን ቀጠና ካልተጻፈ የአካባቢው ሰዓት ነው ይላል። ስድስተኛው እትም በ2015 ሲወጣ ይህን ለማስተካከል፣ በአካባቢው ሰዓት ይነበብ ተባለ። በዚያን ጊዜ ግን ቀን ብቻውን ሲጻፍ በዩቲሲ መነበቡን ተማምነው የተሠሩ ብዙ ገጾች ነበሩ። ስለዚህ በ2016 ሰባተኛው እትም ለሁለት ከፈለው። ቀን ብቻውን ከተጻፈ በዩቲሲ፤ ቀንና ሰዓት አብረው ከተጻፉ በአካባቢው ሰዓት። ዛሬ የምንኖርበት ደንብ ይህ ነው።

በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ደንብ! በእነዚያ ዓመታት የነበሩ ብሮውዘሮች ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን አልተቀየሩም። አንዱ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ያነብ ነበር። አንድ ገጽ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ብሮውዘር ተከፍቶ የሦስት ሰዓት ልዩነት ያሳይ ነበር፤ ለምን ሦስት? አዲስ አበባ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም።

አሁን ትንሽ የቤተሰብ ነገር ላንሳ። ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ትኖራለች። ልጇን ለልጆች አማርኛ በሚያስተምር የማኅበር ትምህርት ቤት አስመዘገበች። የምዝገባውን ሥርዓት የሠሩት እዚህ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ናቸው፤ በጎ ፈቃደኞች፣ ጎበዞች። እህቴ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የልጅቷ ልደት አልገባም። ደጋግሜ አስገባለሁ፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመልስብኛል» አለች። «ምን ብለሽ አስገባሽ?» አልኋት። «ሴፕቴምበር 11 ቀን 2014። የሚያሳየኝ ሴፕቴምበር 10 ነው።»

ለልጆቹ ነገርኋቸው። እዚህ ከፈቱት፤ ሴፕቴምበር 11 ይላል። «እኛ ጋ ትክክል ነው፣ ምናልባት ስታስገባ ተሳስታ ይሆናል» አሉኝ። እውነትም እዚህ ትክክል ነበር። ለምን? ቀኑ ብቻውን ስለተጻፈ ቋንቋው ‹በዩቲሲ እኩለ ሌሊት› ብሎ አነበበው። የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ያው ሴፕቴምበር 11 ነው። ቨርጂኒያ ላይ ግን በሴፕቴምበር የሰዓቱ ልዩነት ከዩቲሲ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ያለፈው ቀን ምሽት 2 ሰዓት ነው። ሴፕቴምበር 10።

ልብ በሉ፣ ይህቺ ልጅ የእንቁጣጣሽ ልጅ ናት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2014 ማለት መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ሴፕቴምበር 10 ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 2006 ነው። ሥርዓቱ የኢትዮጵያን ዓመት አስልቶ በዕድሜ ክፍል የሚመድብ ነበር። አንድ ቀን ወደ ኋላ ሲመለስ የትውልድ ዓመቷ ተቀየረ፤ ከእኩዮቿ ተለይታ ከፍ ካለ ክፍል ተመደበች። እህቴ የደወለችው ስለ ኮምፒውተር ልትጠይቀኝ አልነበረም፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ለምን እንደተለየች ገርሟት ነው።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ የምንኖር ፕሮግራመሮች ይህን ስህተት በዓይናችን ማየት አንችልም። አዲስ አበባ ላይ ሆነን የፈተንነው ሁሉ ያልፋል። ዱባይም፣ ኢየሩሳሌምም፣ ስቶክሆልምም ያልፋል። ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ቶሮንቶ ሲደርስ ይወድቃል። የወገኖቻችን ብዙ ክፍል ደግሞ እዚያ ነው ያለው! ስለዚህ ኮምፒውተራችሁን የሰዓት ቀጠናውን ወደ ሎስ አንጀለስ ቀይራችሁ ፈተናችሁን እንደገና አስኪዱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንዶቻችሁ መፍትሔ መስሏችሁ የምታደርጉትን ነገርም ላንሳ። ‹ሰዓት ልጨምርበትና በአካባቢው ሰዓት ይነበብልኝ› ትላላችሁ። ሌሊት 00:00 ትጨምራላችሁ። ደንቡ እንዳልሁት ነው፤ ቀንና ሰዓት አብረው ከተጻፉ በአካባቢው ሰዓት ይነበባል። ከዚያ ወደ ሰርቨር ስትልኩት ወደ ዩቲሲ ይቀየራል። የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት በዩቲሲ ያለፈው ቀን 21:00 ነው። ሰርቨሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ፊደላት ቆርጦ ሲያስቀምጥ አሁንም አንድ ቀን ወደ ኋላ! ያን ጊዜ የቨርጂኒያው ይስተካከልና የአዲስ አበባው ይበላሻል። ችግሩ ያለው የልደት ቀንን የጊዜ ቅጽበት አድርጎ ከመቁጠሩ ላይ ነው። የልደት ቀን ቅጽበት አይደለም። ሰዓት የለውም፣ ቀጠና የለውም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው፤ በዚያው መልክ ይቀመጥ።

እንዳልኋችሁ እዚህ ላይ ከመንገድ ልውጣ፤ ስለ ጃቫና ስለ ፓይተን ጥቂት ልበል።

ጃቫ 20 በማርች 2023 ሲወጣ፣ በእንግሊዝኛ ሰዓት ሲጻፍ በሰዓቱና የጠዋትና የከሰዓት ምልክት በሆኑት ፊደላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ተቀየረ። ለዓይን ያው ባዶ ቦታ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሌላ ፊደል ነው፤ ጠባብና መስመር የማይሰበርበት ክፍት ቦታ። ምክንያቱ ጃቫ የሚጠቀምበት የዓለም ቋንቋዎች የልማድ መዝገብ 42ኛው እትም ላይ ይህን ለውጥ ማድረጉ ነው። በቁልፍ ሰሌዳ የተጻፈውን ተራ ክፍት ቦታ ሲያነቡ የኖሩ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ማንበብ አቃታቸው። አንድ ባልደረባዬ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጎ፣ «እነዚህ በምን ይለያያሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አስታውሳለሁ። በዓይን አይለያዩም። ባይቶቹን አውጥተን ስንቆጥር ብቻ ነው ያየነው። ጃቫ 23 በ2024 ሲወጣ ነገሩን አላልቶ፣ የክፍት ቦታ ዓይነቶችን እንደ አንድ የሚቆጥር አነባበብ አስገባ።

ከዚያ ቀደም ብሎም ጃቫ 16 ላይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ የሴፕቴምበር አጭር ስም ከሦስት ፊደል ወደ አራት ፊደል ሆነ። አሥራ አንዱ ወር ደህና ነው፤ አንዱ ወር ብቻ ይወድቃል። በማርች ፈትናችሁ፣ በሐምሌ ፈትናችሁ፣ መስከረም ሲጠባ ሥርዓታችሁ ይወድቃል ማለት ነው።

ፓይተን ደግሞ በ3.7 ላይ የአይኤስኦን ቅርጽ የሚያነብ ስልት አመጣ፤ በመጨረሻ ዩቲሲን የምታመለክተውን ‹ዜድ› የምትባል ፊደል ግን አይቀበልም ነበር። መቀበል የጀመረው በ3.11 ላይ፣ በኦክቶበር 2022 ነው። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ኮድ በአሮጌ ሰርቨር ላይ ይወድቃል። ይህን ግን አልወቅሰውም፤ ፓይተን አልገመተም። ‹አላውቀውም› ብሎ ቆመ። በኋላ ሲያውቅ አነበበ። አንድ ቋንቋ ሊታደስ ይገባል ብዬ የማስበው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀድሞ እምቢ ይለው የነበረውን መቀበል ይችላል፣ ቀድሞ ይቀበለው የነበረውን ግን ትርጉሙን በጸጥታ መለወጥ የለበትም።

ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ልመለስ፤ ይህኛው የእኛ ነው። እኛ ካልተናገርንለት ማንም አይናገርለትም።

ይህን ደግሞ ተመልከቱ፤ 2015-02-30። ለእኛ ይህ ምንድን ነው? ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.። ደህና ቀን ነው፤ በእነርሱ ኖቬምበር 9 ቀን 2022። አንድ የቀበሌ ሠራተኛ እንዲህ አድርጎ ቢጽፈው ምን ስህተት አለበት? ምንም። አሁን ግን ይህን ጽሑፍ ለኮምፒውተር ስጡት። ኮምፒውተሩ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው የሚያነበው፤ ለእርሱ ይህ ‹ፌብሩዋሪ 30› ነው። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። ታዲያ ምን ይላል?

ክሮም ብሮውዘር ማርች 2 ይላል። ፋየርፎክስ የማይሆን ቀን ነው ብሎ ይመልሰዋል። ጃቫ በአሮጌው ስልቱ ካነበበው ማርች 2 ነው። ጃቫ 8 በ2014 ባመጣው በአዲሱ ስልት፣ ቅርጹን ራሳችሁ ከሰጣችሁት ፌብሩዋሪ 28 ይሆናል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ይቆርጠዋልና። በዚያው በአዲሱ ስልት፣ ከቋንቋው ጋር የመጣውን የአይኤስኦ አንባቢ ከተጠቀማችሁ ደግሞ አይቀበለውም። አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት መልስ፤ ያውም ሦስቱም በአንድ ቋንቋ ውስጥ! አሮጌውን ስልት በአዲሱ የተካ ሰው ኮዱን ያሻሻለ መስሎት በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ዓይነት ስህተት በሌላ ዓይነት ስህተት ተክቷል።

ጳጉሜንስ? 2015-13-06፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። የጃቫ አሮጌ ስልት ይህን ተቀብሎ ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 ያደርገዋል። በራሱ አቆጣጠር 13ኛ ወር ስለሌለ ወደ ቀጣዩ ዓመት ያሻግረዋል። አንድ ሕፃን በጳጉሜን ቢወለድና የክትባት ቀኑ በዚህ መንገድ ቢሰላ ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቡት።

ግን ከሁሉ የከፉት እነዚህ አይደሉም። ከሁሉ የከፉት ደህና የሚመስሉት ናቸው። 2015-01-01 ብትጽፉ የትኛውም ቋንቋ፣ የትኛውም ቨርዥን ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። እኛ መስከረም 1 ማለታችን ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022። እርሱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ብሎ ያስቀምጠዋል። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ሳትኖር። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በእነርሱ አቆጣጠር የተጻፈ መዝገብ ያላየ ከእናንተ መካከል አለ? ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው፤ አይታችኋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልመናዬን በግልጽ ላስቀምጥ። ተጠቃሚው የሚያስገባበት ሳጥን አጠገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ይነገር። ወደ ዳታቤዝ የሚገባው በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይሁን። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየሩን ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሳችሁ በእጃችሁ አትጻፉት። እባካችሁ አትጻፉት! በየመሥሪያ ቤቱ በእጅ የተጻፈ መቀየሪያ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሚሰናከለው ዓመቱ በሴፕቴምበር 12 በሚብትባቸው ጊዜያት፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት ነው። የተፈተነ ላይብረሪ አለ። ለጃቫ ‹ስሪተን ኤክስትራ› የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል። ብሮውዘሮችም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ተጠቅመው ቀን ማሳየት ከቻሉ ቆይተዋል።

ለጃቫስክሪፕት ሰዎች አንድ የምሥራች አለኝ። ‹ቴምፖራል› የሚባለው አዲሱ የቀንና የሰዓት ክፍል ከብዙ ዓመት ውይይት በኋላ መምጣት ጀምሯል፤ ፋየርፎክስ በሜይ 2025 በ139ኛው ቨርዥኑ አስገብቶታል። እኔን ያስደሰተኝ ብዙ ነገር ማወቁ አይደለም፤ አለመገመቱ ነው። ቀን ብቻ ለሆነ ነገር የራሱ ዓይነት አለው፤ ሰዓት አይለጥፍበትም። የጊዜ ቅጽበት የምትጠይቁት ከሆነ ቀጠናው ወይም ከዩቲሲ ያለው ርቀት ካልተጻፈ እምቢ ይላል። ፌብሩዋሪ 30 በጽሑፍ ብትሰጡት አይቀበልም። ወራትን ከአንድ ነው የሚቆጥረው። የኢትዮጵያን አቆጣጠርም ያውቃል፤ 13ኛ ወራችንን ጨምሮ።

ነገር ግን አዲስ ነገር መጣ ብለን አሮጌው ኮድ በራሱ አይታደስም። የብዙዎቻችሁ ሥራ አሮጌ ኮድ ላይ ነው። አለቃችሁ ነገ መጥቶ፣ ‹ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሻግሩት› ይላችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከመሻገራችሁ በፊት አንድ ሥራ ሥሩ። ሥርዓታችሁ ከውጭ የሚቀበላቸውን የቀን ጽሑፎች ከእውነተኛው መዝገብ ውስጥ ሰብስባችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። በአሮጌው ቨርዥን አንብባችሁ ውጤቱን ጻፉ፤ በአዲሱም አንብባችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ሁለቱን መስመር በመስመር አወዳድሩ። ስህተት ያስነሱትን ብቻ አትዩ። በሰላም ተነብበው የተለያዩትን ፈልጉ።

ከምሳ በኋላ በሁለተኛው ፎቅ ላቦራቶሪ ይህንኑ በተግባር እንሠራዋለን። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የምንሰጠው ፋይል ዛሬ ያነሳኋቸውን ሁሉ ይዟል፤ 03/04/2013፣ 2014-09-11 ያለ ሰዓትና ከሰዓት ጋር፣ 2015-02-30፣ 2015-13-06፣ ሁለቱን ዓይነት ክፍት ቦታ የያዙ መስመሮች፣ በ‹ዜድ› የሚያልቁም። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ የአዲስ አበባን፣ አንዱ የዩቲሲን፣ አንዱ የሎስ አንጀለስን ሰዓት ቀጠና ይያዝ። የተለያየ ውጤት ያገኘ ቡድን የቋንቋውን ስምና ቨርዥን ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ የተለጠፈውን እየዞርን እናያለን፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚመለከተውን ደግሞ ለየላይብረሪው አዘጋጆች በጋራ ጽፈን እንልካለን፤ ጽሑፉን ማን እንደሚያረቅ እዚያው እንመርጣለን።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ከኋላ ረድፍ ያላችሁት ጀምሩ፤ ማይክራፎኑን አሳልፉላቸው።